ዋይፋዩ ላይ ስንት ሰው አለ? የአክሰስ ፖይንት ተጠቃሚዎችን በኤስኤንኤምፒ መቁጠር

«ዋይፋዩ አይሠራም» ተብሎ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ጋ ነው የተቀመጡት?» ብዬ ነው። አዳራሽ? ሎቢ? ሐይቁ ዳር ያለው ጊቢ? ቦታውን ካወቅሁ በኋላ አንድ ግራፍ እከፍታለሁ። እዚያ ያለው አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) ላይ በዚያች ሰዓት ስንት ስልክና ላፕቶፕ እንደተገናኘ ያሳየኛል። ያንን ቁጥር ሳላይ ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነት አንዲት ቃል አልናገርም።

ሥራዬ እዚህ ሐዋሳ የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ኔትወርክ መዘርጋትና መከታተል ነው። የዚህ ከተማ ሆቴል የራሱ ጸባይ አለው። ማክሰኞ ጭር ያለው ጊቢ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በመጣ እንግዳ ይሞላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በገብርኤል ንግሥ፣ ከዚያ ደግሞ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን አልጋ ይጠፋል። በሥራ ቀን ስልጠናና ስብሰባ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሰው ይቀመጣል፤ አብዛኛው ስልክም ላፕቶፕም ይዟል። ጠዋት ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ደህና ነው» ማለት እዚህ አያዋጣም። ቀኑን ሙሉ ሳይሰለች የሚቆጥር ነገር ያስፈልጋል።

አንድ ሆቴል ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ስልጠና ነበር፤ ሰልጣኞቹ ኔትወርክ የለም እያሉ ያማርራሉ። ባለቤቱ ተበሳጭተው «መስመሩን እጥፍ አስደርገዋለሁ፣ በቃ!» አሉኝ። «ጋሼ፣ አንዴ ይቺን ይዩልኝ» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው። አዳራሹ መግቢያ ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት 61 ሰው ተሸክሟል። መድረኩ ጋ ያለው 4 ብቻ። የኢንተርኔቱ መስመር ግማሹ እንኳ አልተነካም። ሰው በር ላይ ሲደርስ ስልኩ መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል። ከዚያ ሲግናሉ ፈጽሞ እስኪደክም ድረስ አይለቅም። የመግቢያውን የማሰራጫ ኃይል ቀነስን። የመድረኩን ደግሞ ወደ አዳራሹ መሃል አመጣነው። ጋሼም መስመር ሳይጨምሩ ስልጠናው በሰላም አለቀ።

ስለዚህ መቁጠር ያለባችሁ የሆቴሉን ጠቅላላ ተጠቃሚ አይደለም። በአክሰስ ፖይንት፣ ከተቻለም በባንድ (2.4 ወይስ 5 ጊጋኸርትዝ) ለይታችሁ ነው። «65 ሰው አለ» የሚል ቁጥር ጋሼን ምንም አይጠቅማቸውም ነበር።

ኤስኤንኤምፒ እንዴት ይጠይቃል?

ኤስኤንኤምፒ የኔትወርክ መሣሪያን ከርቀት የመጠየቂያ ቋንቋ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የሚከታተለው ሰርቨር ለመሣሪያው አጭር ጥያቄ ይልካል፣ መሣሪያው መልስ ይሰጣል። ጥያቄው የሚሄደው በዩዲፒ ፖርት 161 ነው። መሣሪያው ሳይጠየቅ የሚልከው ማስጠንቀቂያ፣ ትራፕ የሚባለው፣ በ162 ይመጣል። ለቆጠራ 161 ይበቃናል።

የሚጠየቀው ነገር ሁሉ በነጥብ የተከፋፈለ ረጅም ቁጥር አለው። ኦአይዲ ይባላል። 1.3.6.1.2.1.1.5.0 ብላችሁ ብትጠይቁ የመሣሪያው ስም ይመጣል። 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ደግሞ ከተነሣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው በሰከንድ መቶኛ ይነግራችኋል። እነዚህ ሁለቱ በየትኛውም ብራንድ አንድ ናቸው። የዋይፋይ ተጠቃሚ ቁጥር ግን እንደየአምራቹ ነው። ከ1.3.6.1.4.1 ሥር እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቁጥር አለው። ሲስኮ 9፣ ማይክሮቲክ 14988፣ ዩቢኪውቲ 41112። ከዚያ በታች ያለውን እሱ እንደመሰለው ይደረድረዋል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ማብራት፣ ግን በጥንቃቄ

ማይክሮቲክ ላይ ዊንቦክስ የሚባለውን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ከፍታችሁ «አይፒ» ከሚለው ውስጥ «ኤስኤንኤምፒ» ትገባላችሁ፣ ታበሩታላችሁ። የዩቢኪውቲ ምርት በሆነው ዩኒፋይ ላይ ኮንትሮለሩ (አክሰስ ፖይንቶቹን በአንድ ላይ የሚያስተዳድረው) ሴቲንግ ውስጥ አንዴ ታበሩታላችሁ፤ ለአክሰስ ፖይንቶቹ ሁሉ እሱ ያደርሳል። ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

አሁን ጥንቃቄው። ሥሪት 1 እና 2ሲ «ኮሚዩኒቲ» የሚባል የይለፍ ቃል አላቸው። ብዙ መሣሪያ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ «ፐብሊክ» ነው። ቀይሩት። ቢቀየርም ቃሉ በኔትወርኩ ላይ ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው። ሥሪት 3 ግን ማንነት ያረጋግጣል፣ መልእክቱንም ያመሰጥራል፤ መሣሪያችሁ ከቻለ እሱን ተጠቀሙ። 2ሲን ለመጠቀም ከተገደዳችሁ ፈቃዱን «ማንበብ ብቻ» አድርጉ። የሚጠይቀው ሰርቨር አይፒ አድራሻም ብቻውን እንዲፈቀድ አድርጉ። የአክሰስ ፖይንቶቹ አስተዳደር ከእንግዳው ዋይፋይ በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ከፋፍሎ በሚለይ ዘዴ) ተለይቶ ይቀመጥ። ፖርት 161ን ወደ ኢንተርኔት መክፈት ፈጽሞ የለም። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም። የሆቴል ዋይፋይ ላይ ማን ተቀምጦ ምን እንደሚሞክር አይታወቅም።

በእጅ መጠየቅ

ወደ ግራፍ ከመሮጣችሁ በፊት ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩት። ሊኑክስ ላይ ኔት-ኤስኤንኤምፒ የሚባለውን ጥቅል ጫኑ። ውስጡ የሚያስፈልጉን ሁለት ትዕዛዞች አሉ። «ጌት» የሚለው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፣ «ዎክ» የሚለው ደግሞ ከሰጣችሁት ኦአይዲ ሥር ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ ያመጣል። ሥሪቱን፣ ኮሚዩኒቲውን፣ የመሣሪያውን አይፒ፣ በመጨረሻ ኦአይዲውን ትሰጡታላችሁ።

መጀመሪያ የመሣሪያውን ስም ጠይቁ። ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው። «ታይምአውት» ካላችሁ ወይ ፋየርዎል አግዶታል፣ ወይ አይፒያችሁ አልተፈቀደም፣ ወይ ኮሚዩኒቲው ተሳስቷል። በ2ሲ የተሳሳተ ኮሚዩኒቲ ሲመጣ መሣሪያው «ተሳስታችኋል» አይልም፤ ዝም ነው የሚለው። ስለዚህ ኬብል ከመነቃቀላችሁ በፊት የቃሉን ፊደል እንደገና እዩ። «ኖ ሰች ኦብጀክት» የሚል ከመጣ ግን ደስ ይበላችሁ። መሣሪያው ሰምቷችኋል፣ ያልተገጣጠመው ኦአይዲው ነው።

አሁን እዚህ ከተማ ደጋግሜ የማገኛቸውን ብራንዶች ኦአይዲ ልስጣችሁ።

ማይክሮቲክ፦ 1.3.6.1.4.1.14988.1.1.1.3.1.6። ዎክ ስታደርጉት መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ይጨመርና ይመለሳል፤ እሱ የኢንተርፌሱ መለያ ነው። ለምሳሌ መጨረሻው 6.2 የሆነው 17፣ 6.3 የሆነው 9 ብሎ ይመልሳል እንበል። የቱ የቱ ነው? 6ን በ4 ተኩና ጠይቁ፤ የዋይፋዩ ስም ይመጣል። በ7 ተኩት፤ ፍሪኩዌንሲው በሜጋኸርትዝ ይመጣል። 2437 ካለ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ቻናል 6 ነው። 5180 ካለ የ5 ጊጋኸርትዝ ቻናል 36 ነው። ይህ ሰንጠረዥ የተሠራው ለቆየው «ዋየርለስ» ጥቅል ነው። አዲሱን «ዋይፋይ» ጥቅል የሚጠቀም መሣሪያ ባዶ ከመለሰላችሁ ከ14988 ጀምራችሁ ሙሉውን ዎክ አድርጉና ፈልጉ።

ዩኒፋይ፦ 1.3.6.1.4.1.41112.1.6.1.2.1.8። እዚህ ጋ ቀስ በሉ። የሚመልሰው ለአክሰስ ፖይንቱ አንድ ቁጥር አይደለም። ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም በእያንዳንዱ ባንድ አንድ አንድ መስመር ነው። «እንግዳ» እና «ሠራተኛ» የሚሉ ሁለት ስሞች በሁለት ባንድ ካሰራጫችሁ አራት መስመር ታገኛላችሁ። 14፣ 3፣ 21፣ 2 ብሎ ቢመልስ አክሰስ ፖይንቱ ላይ 40 ተጠቃሚ አለ ማለት ነው። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ግራፍ ላይ ያወጣ ሰው 14 እያየ «ምንም አልተጨናነቀም» ይላል። ስሙን ለማየት 8ን በ6 ተኩ፣ ራዲዮውን ለማየት በ9። «ኤንጂ» ያለው 2.4 ነው፣ «ኤንኤ» ያለው 5።

የዩቢኪውቲ ኤርማክስ፣ ማለትም ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የምናገናኝባቸው፦ 1.3.6.1.4.1.41112.1.4.5.1.15። ከዩኒፋዩ ጋር አታምታቱት።

ያለ ኮንትሮለር ለብቻው የሚሠራ የሲስኮ አክሰስ ፖይንት፦ 1.3.6.1.4.1.9.9.273.1.1.2.1.1።

የሲስኮ ዋየርለስ ኮንትሮለር ካለ ደግሞ አክሰስ ፖይንቶቹን ትታችሁ ኮንትሮለሩን ነው የምትጠይቁት። 1.3.6.1.4.1.14179.2.2.13.1.4 በሉት። 14179 ሲስኮ በኋላ የገዛው የኤይርስፔስ ቁጥር ነው፣ ለዚህ ነው 9 ያልሆነው። መልሱ ላይ ከዚህ ኦአይዲ ኋላ ሰባት ቁጥሮች ይከተላሉ፤ ለምሳሌ 0.27.84.201.16.64.1። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ የአክሰስ ፖይንቱ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ናቸው፣ በአሥርዮሽ ተጽፈው። ወደ አሥራ ስድስትዮሽ ስትቀይሯቸው 00:1ቢ:54:ሲ9:10:40 ይሆናል። የመጨረሻው ቁጥር ራዲዮው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 0 ማለት 2.4፣ 1 ማለት 5። ማክ አድራሻ ማን ያስታውሳል? 1.3.6.1.4.1.14179.2.2.1.1.3 ዎክ አድርጉ፤ በዚያው ማክ አድራሻ ላይ ስሙ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስሞቹን «አዳራሽ-በር»፣ «ጊቢ-ሐይቅ» እያላችሁ ሰይሟቸው። «ኤፒ-07» የሚል ስም በተጨናነቀ ሰዓት ማንንም አይረዳም።

ቁጥሩን ማመን ከመጀመራችሁ በፊት

አክሰስ ፖይንቱ አጠገብ ቁሙ። ስልካችሁን አገናኙና ጠይቁ፤ በአንድ መጨመር አለበት። ዋይፋዩን ከስልኩ አጥፉና እንደገና ጠይቁ። ወዲያው ይቀንሳል። ቀጥሎ አገናኙትና ዋይፋዩን ሳታጠፉ ከጊቢው ውጡ። አሁን ቁጥሩ ቶሎ ላይቀንስ ይችላል። ስልኩ «ሄድኩ» ብሎ አልተሰናበተም፤ አክሰስ ፖይንቱ እስኪሰለች ይጠብቃል። በሲስኮ ኮንትሮለር ይህ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ 300 ሰከንድ ነው፣ አምስት ደቂቃ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰልጣኙ ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ አዳራሹ በግራፉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሙሉ መስሎ የሚቆየው። ይህን አውቃችሁ እዩት።

ሌላው የማሳስባችሁ ነገር ቁጥሩ የተገናኘ መሣሪያ እንጂ ሰው አይደለም። «ዛሬ ስንት የተለያየ እንግዳ መጣ?» ለሚለው ጥያቄም አይሆንም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠሩትን ማክ አድራሻ ነው የሚያሳዩት። አሁን ስንት አለ ለሚለው ግን ምንም አያዛባም። እውነቱን ለመናገር የሰዎችን ማክ አድራሻ መሰብሰብ ጭራሽ አያስፈልግም። ስንት እንደሆኑ ካወቅን ማን እንደሆኑ ለሥራችን ምን ያደርግልናል?

ግራፉን መሳል

ሊብሬኤንኤምኤስ፣ ዛቢክስ፣ ካክታይ የሚባሉት የመከታተያ ፕሮግራሞች ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ተጭኖ ለአንድ ሆቴል በደንብ ያገለግላል። እኔ ለትንሽ ቦታ ሊብሬኤንኤምኤስን እመርጣለሁ። ብዙዎቹን ብራንዶች ራሱ አውቆ የተጠቃሚውን ቁጥር ያወጣል፤ ካልነካችሁት በየአምስት ደቂቃው ይጠይቃል። ለአዳራሽ አምስት ደቂቃ ይረዝምብኛል። እዚያ ዛቢክስን በየደቂቃው አስጠይቃለሁ።

ኦአይዲውን ራሳችሁ የምታስገቡ ከሆነ ዓይነቱን «ጌጅ» በሉት፤ ከፍም ዝቅም ለሚል ቁጥር ነው። «ካውንተር» አትበሉት። ካውንተር እየጨመረ ብቻ ለሚሄድ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ላለፈ ባይት። ፕሮግራሙ ካውንተር ሲባል ካለፈው ጊዜ ጋር ያለውን ልዩነት አስልቶ ለሰከንድ ያካፍለዋል። አዳራሹ ውስጥ 40 ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ ቢቀመጥ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ ግራፉ ዜሮ ያሳያል። ከ40 ወደ 38 ሲወርድ ደግሞ ቆጣሪው ጣሪያ ነክቶ እንደገና የጀመረ ይመስለውና ሚሊዮኖች የሚደርስ ጦር ይስላል። እንዲህ ያለ ግራፍ ካያችሁ መሣሪያውን አትጠርጥሩ። አንዳንድ መሣሪያ ራሱ ዓይነቱን ካውንተር ብሎ ቢልከው እንኳ እናንተ ጌጅ አድርጋችሁ መዝግቡት።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት ግን ባዶው ነው። መብራት ሲሄድ አክሰስ ፖይንቱ አይመልስም። «አልመለሰም» እና «ዜሮ ሰው አለ» ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዳንዱ በራሱ የጻፈው ስክሪፕት መልስ ሲያጣ 0 ይመዘግባል። ከዚያ የወሩ አማካይ ይወርዳል፤ አስተዳደሩም «ይሄ አክሰስ ፖይንት ሰው የለውም፣ ይነሣ» ይላል። መልስ ሲጠፋ ምንም አትመዝግቡ። ግራፉ ይቆረጥ። የተቆረጠው ራሱ ያስተምራል። ሁሉም እኩል ከተቆረጡ መብራት ነው፣ ወይ ዋናው ስዊች፣ ወይ ሰርቨሩ ራሱ። ሰርቨሩንና ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ ቢያንስ ምን እንደተፈጠረ የሚናገር ይተርፋል። አንዱ ብቻ ከተቆረጠ ያ አክሰስ ፖይንት ወይ ኬብሉ ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ጊቢዎች ጦጣ ኬብል ይጎትታል፤ ከጣሪያ በላይ የሚያልፈውን ቱቦ ውስጥ ክተቱት። ሲመለስ ያችን የመነሻ ጊዜ ኦአይዲ፣ 1.3.6.1.2.1.1.3.0፣ ጠይቁ። ከዜሮ ጀምራ ከሆነ መሣሪያው ጠፍቶ ነበር። ካልጀመረች መሣሪያው እየሠራ ነበር፣ የተቋረጠው መሃል ላይ ያለው መንገድ ነው።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና አፍሪካ፣ አዲስ አበባ በሉት፤ ሰዓቱን ከኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ከሚያስተካክለው አገልግሎት) ይውሰድ። ግራፉ ላይ 19:00 ያለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሪሴፕሽን ላይ ያሉት ልጆች ቅሬታ ሲመዘግቡ «3 ሰዓት ላይ» ብለው ይተዉታል። የጠዋቱ ከሆነ 9:00፣ የማታው ከሆነ 21:00 ነው። ቅሬታ መዝገቡ ላይ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል እንዲጨምሩ በትሕትና ለምኗቸው። ቅሬታውና ግራፉ ካልተገናኙ የቆጠራችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

መቼ ይጩህ?

ማስጠንቀቂያውን በአንድ ራዲዮ 30 ተጠቃሚ ሲሆን እና 15 ደቂቃ ሲቆይ አደርገዋለሁ። ይሄ የእኔ ልክ ነው። ቪዲዮ ስብሰባ የሚበዛበት ቦታ ዝቅ ይደረግ፤ ቴሌግራም ብቻ የሚያዩበት ሎቢ ከፍ ቢል አይጎዳም። የአምራቹ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ከመቶ በላይ የሚል ቁጥር ግን አትመኑ። ያ መገናኘት የሚችለው እንጂ ደህና መሥራት የሚችለው አይደለም። ቆይታውን ካላስገባችሁ ደግሞ ሰው ከአዳራሽ በወጣ በገባ ቁጥር ስልካችሁ ይጮሃል፣ ከሳምንት በኋላ አታዩትም።

ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ዋይፋዩ ቢያዘግምስ? አንድ ሩቅ የተቀመጠ ሲግናሉ የደከመ ላፕቶፕ ብቻውን የሁሉንም የአየር ሰዓት (ዋይፋዩ የሚያሰራጭበትን ጊዜ) ሊበላ ይችላል። ማይክሮቲክ ላይ 1.3.6.1.4.1.14988.1.1.1.2.1.3 የእያንዳንዱን ሲግናል ያመጣል። ሲስኮ ኮንትሮለር ላይ የቅድሙን 14179.2.2.13.1.4 መጨረሻ 4ን በ3 ብትተኩ ቻናሉ ምን ያህል እንደተያዘ በመቶኛ ታያላችሁ። ይህንን ከተጠቃሚው ቁጥር ጋር አንድ ገጽ ላይ አውጡት። ተጠቃሚው 5፣ ቻናሉ 80 ከሆነ ጎረቤት ሆቴል በዚያው ቻናል እያሰራጨ ሊሆን ይችላል። በ2.4 የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ አንድ መንገድ ላይ በተደረደሩ ሆቴሎች መካከል ደግሞ እነሱም አይበቁም።

ፈርምዌር (የመሣሪያውን የውስጥ ሶፍትዌር) ባደሳችሁ ቁጥር ዎኩን በእጅ ደግማችሁ ሞክሩ። የኢንተርፌሱ መለያ ሊቀየር ይችላል፤ ትናንት 6.2 የነበረው ዛሬ 6.5 ቢሆን ግራፉ በስህተት የሌላውን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። የእንግዳ ዋይፋይ ስም በቀየራችሁና አዲስ በጨመራችሁ ጊዜም እንደዚያው።